ሳውዝ ሜልቦርን፣ ሃይደልበርግ፣ ኦክሌይ፦ የግሪኮቹን ክለቦች የቱ ሜዳ ሄዶ ማየት ይሻላል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀድመው። ታሪክ ለሚፈልግ ሳውዝ ሜልቦርን፣ ኳሱን ከነላቡ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ኦክሌይ ካነንስ፣ አሮጌ የሰፈር ሜዳ ለሚወድ ሃይደልበርግ ዩናይትድ። ሦስቱም ሜልቦርን ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱንም የመሠረቷቸው የግሪክ ስደተኞች ናቸው፤ ሦስቱም የሚታወቁት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከፍተኛ ሊግ፣ በናሽናል ፕሪሚየር ሊግ (በአጭሩ ኤንፒኤል) ነው። ሲጀመሩ ከፋብሪካ የሚወጣ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው የሚጫወትባቸው አማተር ቡድኖች ነበሩ። አሁን ዋናው ቡድን በከፊል ፕሮፌሽናል ሆኗል፤ ተጫዋቹ ክፍያ ያገኛል፣ ቀን ቀን ግን ሌላ ሥራ አለው። ከዋናው ቡድን ጀርባ ያለው ሥራ፣ ከትኬት መቁረጫው እስከ ሱቭላኪ ጥብሱ፣ ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። አገልግሎቱን ስትመዝኑ ይህን አትርሱ፤ ወረፋው ሲረዝም ከባንኮኒው ጀርባ የምታዩት ሰው የአንዱ ተጫዋች አጎት ሊሆን ይችላል።

እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳውዝ ሜልቦርን፦ ትልቁ ስም፣ ሩቁ ሜዳ

የክለቡ አፈጣጠር የስሌት ነገር ነበር። በ1950ዎቹ በመርከብ እየመጡ ስቴሽን ፒር በሚባለው ወደብ የሚወርዱት ግሪኮች ሕዝብም ተጫዋችም ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ሜዳ ነው። ሳውዝ ሜልቦርን ዩናይትድ የሚባለው የአካባቢው ክለብ ደግሞ ሚድል ፓርክ ላይ ሜዳ ነበረው። በ1959 ሄለኒክ እና ያራ ፓርክ አያስ የተባሉት ሁለት ቡድኖች ከዚህ ክለብ ጋር ተዋሃዱና ሳውዝ ሜልቦርን ሄላስ ተወለደ። ብዙ የስደተኛ ቡድን በየዓመቱ ሜዳ እየለመነ ሲንከራተት ይኼኛው ቤት ይዞ ጀመረ፤ በ1960ዎቹ የክፍለ ግዛቱን ዋንጫ ደጋግሞ ያነሣበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ቋሚ ሜዳ ማለት ቋሚ የትኬት ገቢ ማለት ነውና።

በ1977 ብሔራዊው ሊግ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ሊጉ በ2004 እስኪዘጋ ድረስም 4 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፦ በ1984፣ በ1991፣ በ1998 እና በ1999። የ1991ዱ የብቻው ወሬ አለው። አሰልጣኙ የሃንጋሪው ፈረንክ ፑሽካሽ ነበር። የሪያል ማድሪዱ ፑሽካሽ እንዴት እዚህ ተገኘ ለሚል፣ መልሱ ከፊሉ ቋንቋ ነው፤ ፓናቲናይኮስን ይዞ በ1971 ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ግሪክኛ ለምዶ ነበር፣ እንግሊዝኛው ግን ደካማ ነበር። ስለዚህ ግሪክኛ የሚናገር ክለብ ለእሱ ቤቱ ነው። መልእክቱን ለተጫዋቾቹ የሚያስተረጉምለት የግራ መስመር ተከላካይና አምበል የነበረው አንጅ ፖስቴኮግሉ ነው፤ ኋላ አውስትራሊያን በ2015 የእስያ ዋንጫ ባለቤት ያደረገው፣ ቶተንሃምን ደግሞ በ2025 የዩሮፓ ሊግ ያስነሣው ሰው። የ1991ዱ የሊግ ፍጻሜ ከሜልቦርን ክሮኤሺያ ጋር 1 ለ 1 አልቆ በመለያ ምት 5 ለ 4 ተወሰነ። ፖስቴኮግሉ በ1998ና በ1999 ዋንጫውን ያነሣው ደግሞ በአሰልጣኝነት ነው። ከዚያም በጥር 2000 ቡድኑ ማራካና ላይ ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ ከቫስኮ ዳ ጋማና ከሜክሲኮው ኔካክሳ ጋር በዓለም የክለቦች ዋንጫ ተጫወተ። ሦስቱንም ተሸነፈ፤ ዩናይትድ ያሸነፈው 2 ለ 0 ሲሆን ሁለቱንም ያገባው ኩዊንተን ፎርቹን ነበር።

ይህን ሁሉ ታሪክ ሰምቶ ሌክሳይድ ስታዲየም የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቅሬታ ነው። ምክንያቱ የመሮጫ መሙ ነው።

ሌክሳይድ በ1995 ሲከፈት ለእግር ኳስ ብቻ የተሠራ ሜዳ ነበር። ቀድሞ ቦታው የአውስትራሊያ ሕግ ፉትቦል (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአገሩ ኳስ) የሚጫወቱበት ሞላላ ሜዳ ነበር፤ የ1926ቱ አሮጌ ትሪቡን አሁንም አለ፣ አይታችሁት ብታልፉ አትጸጸቱም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን አትሌቲክሱ ከኦሎምፒክ ፓርክ ሲለቅ ወደዚህ መጣ፣ ሜዳውም በመም ተከበበ። በአዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ወይም ካታንጋ ሆኖ ኳስ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ላላየ ግን ቁጥሩን እናስላው።

ደረጃውን በጠበቀ ባለ 400 ሜትር መም ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የመታጠፊያው ራዲየስ 36.5 ሜትር፣ የእያንዳንዱ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው። የሜዳውን ስፋት 68 ሜትር ካደረግነው በየጎኑ የሚተርፈው ሣር 2.5 ሜትር ብቻ ነው፤ 8ቱ መስመሮች ወደ 9.8 ሜትር ይጨምራሉ። ስለዚህ በጎን የተቀመጠ ተመልካች የእጅ ውርወራ ከሚወረወርበት መስመር ቢያንስ 12 ሜትር ይርቃል። ይህ ይቻላል። የማይቻለው ከጎሉ ጀርባ ያለው ነው። የ105 ሜትር ሜዳ የጎል መስመር ከመሀል 52.5 ሜትር ላይ ሲሆን የመሙ ውስጠኛ ጫፍ ከመሀል ወደ 78.7 ሜትር ነው። ልዩነቱ 26 ሜትር፤ መስመሮቹ ሲታከሉበት 36 ሜትር። በሌላኛው ጎል የሚሆነውን ለማየት ደግሞ በዚህ ላይ 105 ሜትር ጨምሩ። በረኛው ኳሱን ያዘው ወይስ ተፋው የሚለውን ከዚያ ርቀት የምታውቁት በተመልካቹ ጩኸት ነው።

አንድ የሚያዝናና ነገር ግን አለ። በዚሁ ስሌት ከማዕዘኑ ባንዲራ እስከ መሙ የሚተርፈው ቦታ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የማዕዘን ምት የሚመታው ተጫዋች የሚንደረደረው ከመሙ ላይ ነው። ታኬታ ጫማ ከላስቲክ ወደ ሣር ሲሻገር እንዳይሸሽ ረገጣው ይቀየራል። በዝናብ ቀን አጭር የማዕዘን ምት ብዙ ብታዩ አትገረሙ።

ስለዚህ መቀመጫ ስትመርጡ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ከጎን፣ ወደ መሀል መስመር የተጠጋ። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ ረድፍ። ሰው ሜዳው አጠገብ ልሁን ብሎ ታች ረድፍ ይሮጣል፤ መም ባለበት ስታዲየም ግን ታች ረድፍ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ዓይናችሁ ከሣሩ ብዙም ከፍ ስለማይል በተቃራኒው መስመር ያለው ጨዋታ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይታያል። ስታዲየሙ 12 ሺህ ገደማ ሰው ስለሚይዝና የኤንፒኤል ጨዋታ ከዚያ እጅግ ያነሰ ተመልካች ስለሚያመጣ በተለመደ ቀን ቦታ መምረጥ አይቸግርም። ሰፊ ስታዲየም ትንሽ ሕዝብ ሲይዝ ድምፅ ይበተናል፤ ክላረንደን ኮርነር የሚባሉት ደጋፊዎች ከበሮውንና ዜማውን ባይዙት ኖሮ ሌክሳይድ የልምምድ ሜዳ ይመስል ነበር። ልጅ የያዘ ሰው ከእነሱ ራቅ ቢል ይመረጣል። የሚያስፈራ ነገር ኖሮ አይደለም፤ አይቀመጡም፣ አፋቸውም አይያዝም።

ስለ ዜማው ካነሣን፣ ሄላስ የሚለው ስም ለምን ከማሊያው ጠፍቶ ከደጋፊው አፍ እንዳልጠፋ ማወቅ ጥሩ ነው። በ1990ዎቹ የአገሪቱ የእግር ኳስ አስተዳደር ክለቦች የትውልድ አገር ስምና ምልክት እንዲያወልቁ ጫና አደረገ፤ ሳውዝ ለጥቂት ጊዜ ሌከርስ እስከመባል ደርሶ ነበር። ሜልቦርን ክሮኤሺያም ሜልቦርን ናይትስ የሆነው በዚያው ዘመን ነው። በ2005 አዲሱ ብሔራዊ ሊግ፣ ኤ-ሊግ፣ ሲጀመር አሮጌዎቹ የስደተኛ ክለቦች አብዛኞቹ ከበር ቀሩ፤ ሳውዝም በገንዘብ ተንኮታኩቶ ወደ ክፍለ ግዛቱ ሊግ ወረደ። በ2014 አስተዳደሩ ስለ ክለብ መለያ ዳግም የሚከለክል ደንብ አወጣ፣ በ2019 ተነሣ። ስለዚህ ሰማያዊና ነጩን ባንዲራ ስታዩ ፖለቲካ ነው ብላችሁ አትሸሹ፤ ግሪክ ያልሆነ ሰው በሰፊው ይገባል፣ ማንም አንተ የማን ነህ ብሎ አይጠይቅም።

መቼ፣ እንዴት መሄድ

የኤንፒኤል ውድድር የሚጀመረው በየካቲት ነው፤ 14 ቡድን 26 ዙር ይጫወታል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚያም ክረምት ነው፤ ከአገር ቤት ጋር በወር ብቻ ይገጥማል፣ በጠባይ ግን አይገጥምም። ብርዱ ከዝናቡ ይልቅ ከነፋሱ ነው፤ ሌክሳይድ በስሙም እንደሚታወቀው ሐይቅ ዳር ነው፣ ባሕሩም ሩቅ አይደለም። ለማታ ጨዋታ ወፍራም ካልሲና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ከዕረፍት በኋላ ያለውን ጨዋታ የምታዩት እግራችሁን እየመታችሁ ነው። ዣንጥላ አይጠቅምም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ከኋላ የተቀመጠውንም ታስቆጣላችሁ።

በመጋቢት ወር የጨዋታ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። የአልበርት ፓርክ ፎርሙላ አንድ ውድድር የሚካሄደው በዚያው ፓርክ መንገዶች ላይ ነው። አጥሩና የተመልካች መድረኩ ከውድድሩ ሳምንታት በፊት መተከል ስለሚጀምር መንገድ ይዘጋል፣ የክለቡም የሜዳ ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን ወይም ወደ ሌላ ሜዳ ይዛወራል። ይህ ውድድር ለክለቡ የቆየ ዕዳ ነው፤ የሚድል ፓርኩ አሮጌ ሜዳ የፈረሰውም ፓርኩ ለእሽቅድምድሙ ሲዘጋጅ ነበር።

ከመሀል ከተማ ትራም 12ን ኮሊንስ ጎዳና ላይ ይዛችሁ ክላረንደን ጎዳና ሳውዝ ሜልቦርን ላይ ወርዳችሁ በእግር ወደ ሐይቁ መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ እንግዳ የሚቀጣበት ወጥመድ አለ። መሀል ከተማው ውስጥ ትራም ነፃ ነው፤ ክላረንደን ግን ከነፃው ክልል ውጭ ነው። ስትሳፈሩ ነፃ ነበርና ማይኪ የሚባለውን የትራንስፖርት መክፈያ ካርዳችሁን ካላስነካችሁ ድንበሩን ስታልፉ ያለ ትኬት ተጓዥ ናችሁ፤ ተቆጣጣሪው የትኛው ፌርማታ ላይ እንደተሳፈራችሁ አይጠይቅም። ትራም ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ትኬት አይሸጥም፤ ካርዱን ቀድማችሁ ግዙ፣ ሒሳብም ሙሉበት። በመኪና ለሚሄድ ፓርኩ ውስጥ ማቆሚያ አለ፣ ነገር ግን ክፍያና የሰዓት ገደብ ስላለው ምሰሶው ላይ ያለውን ምልክት ሳታነቡ አትውረዱ። ጨዋታው 90 ደቂቃ ቢሆንም ከዕረፍቱና ከጭማሪው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሁለት ሰዓት ገደብ ያለው ቦታ ላይ ያቆመ ሰው የመጨረሻውን ጎል አያይም።

ሱቭላኪው

ሥጋው ጥሩ ነው ከሚል ይልቅ ሰዓቱን ማወቅ ይበልጣል። ሱቭላኪ በሽቦ ተሰክቶ የተጠበሰ የበግ ወይም የዶሮ ሥጋ በፒታ ቂጣ ተጠቅልሎ፣ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ዛዚኪ ከሚሉት የእርጎ፣ የኪያርና የነጭ ሽንኩርት ማባያ ጋር ነው። የበጉ ሥጋ ሲጠበስ ስቡ ይንጠባጠባል፣ ከእሳቱ ወርዶ ሲቆይ ግን ስቡ ይረጋና ይጠነክራል። በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ስለሚመጣ ጠባሾቹ ቀድመው ያዘጋጁትን ያወጣሉ፤ ያኔ የሚደርሳችሁ ትሪ ላይ የቆየው ነው። በ35ኛው ደቂቃ አካባቢ ወይም ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ከከሰሉ ላይ በቀጥታ ታገኛላችሁ፣ ወረፋም የለም። ሎሚ በደንብ ይጨመርበት በሉ። ቂጣው ሥጋው ላይ ሆኖ ካልሞቀ ሲጠቀለል ይሰነጠቅና ማባያው እጅጌ ላይ ይፈሳል፤ ቂጣውን አሙቁልኝ ማለት ነውር አይደለም።

ለጾመኛ አንባቢ አንድ ነገር። ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፣ የውድድሩ መጀመሪያም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ጾም ላይ ነኝ ቢሉ የሚገባው ሰው ባንኮኒው ጀርባ አይጠፋም። ቢሆንም ድንች ጥብሱ ከዶሮ ጋር በአንድ ዘይት እንዳልተጠበሰ ጠይቁ። ኦክሌይ ሰፈር የምታገኙት ሉኩማዴስ የሚባለው ክብ ጣፋጭ በባህላዊ አሠራሩ ዱቄት፣ ውሃና እርሾ ሆኖ በዘይት የተጠበሰ፣ ከላይ ማርና ቀረፋ የፈሰሰበት ነው። ይህ ለጾም ይሆናል። አንዳንዱ ቤት ግን ሊጡ ውስጥ ወተት ይጨምራል፣ ከላይም ቸኮሌት ያፈስበታል።

ኳሱ ራሱ

ከቴሌቪዥን የፕሪሚየር ሊግ ኳስ ጋር አታወዳድሩት። ወንበራችሁ ላይ ተመቻችታችሁ እንድትቀመጡ የሚያደርገው የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ቡድኖቹ ቅርጻቸውን ይዘው፣ ከኋላ አጭር ኳስ እየነካኩ፣ ብዙም ሳይከፋፈቱ ይጫወታሉ። ከ65ኛው ወይም ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ግን ሌላ ጨዋታ ይጀምራል። ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚለማመድ እግር እዚያ ላይ ይደክማል። መጀመሪያ የሚደክመው የመስመር ተከላካዩ ነው፤ ለማጥቃት ወጥቶ መመለስ ያቅተዋል፣ ከጀርባው ሰፊ ቦታ ይከፈታል፣ የመሀል ተከላካዩ ያንን ለመድፈን ሲወጣ መሀሉ ይሳሳል። ፈጣን ተቀያሪ ክንፍ አስቀምጦ የጠበቀ አሰልጣኝ ጨዋታውን የሚያሸንፈው በዚህ ሰዓት ነው። በእነዚህ ክለቦች ጨዋታ 80ኛው ደቂቃ ላይ ተነሥቶ ወደ ትራም መሮጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሌላው ልዩነት ድምፅ ነው። በትንሽ ሜዳ በረኛው ተከላካዩን ሲጠራ፣ አሰልጣኙ ዙር ሲል፣ ዳኛው ለአምበሉ ምን እንዳለው ይሰማል። ኳስ ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሌክሳይድ ላይ ይህ ድምፅ በመሙ ርቀት ይጠፋል፤ የሚቀጥሉት ሁለት ሜዳዎች የሚበልጡት በዚህ ነው።

ሃይደልበርግ

በ1958 ሲመሠረት ስሙ አሌክሳንደር ነበር፤ የታላቁ እስክንድር ስም ነው፣ የመሠረቱትም ከሰሜን ግሪክ፣ ከመቄዶንያ አውራጃ የመጡ ሰዎች ናቸው። ጥቁርና ቢጫ ይለብሳሉ፤ ሁሉም የግሪክ ክለብ ሰማያዊ ነው ብሎ ሰማያዊ ስካርፍ ለብሶ የሚገባ እንግዳ የተቃራኒ ደጋፊ ይመስላል። ሜዳው ኦሎምፒክ ቪሌጅ ይባላል፤ ለ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ አትሌቶች ከተሠራው መንደር ጋር የተያያዘ ነው። መንደሩ ኋላ የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሆነ። በ2025 ክለቡ የአውስትራሊያ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኤ-ሊጉ ኒውካስል ጄትስ ተሸነፈ፤ ለአንድ የክፍለ ግዛት ሊግ ቡድን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድክመቱ መንገዱ ነው። የባቡር ጣቢያ በእግር በቀላሉ ከሚደረስበት ርቀት ላይ የለም፤ በኸርስትብሪጅ መስመር መጥቶ አውቶቡስ መቀየር ግድ ነው፣ ማታና እሑድ ደግሞ አውቶቡሱ ይሳሳል። ስትሄዱ ሳይሆን ስትመለሱ ያለውን ሰዓት አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሚያስደስተው ደግሞ ሃይደልበርግ ዌስት ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩበት ሰፈር መሆኑ ነው፤ የገበያ መደዳው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሻይና ምግብ ይገኛል። ከጨዋታ በፊት እዚያ ተቀምጦ፣ ሱቭላኪውን ለሌላ ቀን ማቆየት ይቻላል።

ኦክሌይ

ከሦስቱ ታናሹ ነው፤ የተመሠረተው በ1972 ነው። እንደ ሳውዝ ያለ ታሪክ የለውም፤ በ2022 ለአውስትራሊያ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ መድረሱ ግን ከእነዚያ የሚያንስ ቡድን እንዳልሆነ አሳይቷል። ጃክ ኤድዋርድስ ሪዘርቭ የሚባለው ሜዳ መም የለበትም፤ አጥሩ ላይ ክርናችሁን አሳርፋችሁ ታያላችሁ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ሲያነሣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ጉዳቱ ደግሞ ያው ቅርበቱ ነው፤ የተሳተ ኳስ ፊት ይመታልና ትንንሽ ልጅ ከጎሉ ጀርባ አጥር ሥር አታስቀምጡ። ከፍ ያለ ቦታ ብዙ ስላልሆነም የጨዋታውን ቅርጽ ማንበብ የሚወድ ሰው ትንሽ ይቸገራል።

ኦክሌይ ጣቢያ በፓኬናምና በክራንበርን ባቡር መስመር ላይ ነው። ጣቢያው አጠገብ ያለው ኢተን ሞል ከሜልቦርን የግሪክ ሰፈሮች የታወቀው ነው፤ ቡናው፣ ጣፋጩ፣ ዓሣው ሁሉ እዚያ አለ። የተሻለው ቅደም ተከተል ቀድሞ መጥቶ እዚያ ምሳ በልቶ፣ በእግር ወደ ሜዳው መሄድ ነው። ከጨዋታ በኋላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ ተቀምጧልና።

አንድ ጨዋታ ብቻ የምታዩ ከሆነ

ሳውዝን ከሃይደልበርግ ወይም ከኦክሌይ ጋር ሲገጥም እዩት። የግሪኮቹ የእርስ በርስ ግጥሚያ ጫጫታ ብዙ፣ ጠብ ትንሽ ነው፤ ተቀናቃኞቹ የአንድ ሠርግ ታዳሚዎች ናቸው። በመቄዶንያውያን (ከግሪኮቹ የተለየ ሕዝብ ናቸው) ስደተኞች በ1947 ከተመሠረተው ፕሬስተን ላየንስ ወይም ከክሮኤሺያውያኑ ናይትስ ጋር ያለው ሌላ ነው። ሕዝቡ ይበዛል፣ ጥበቃው ይጠነክራል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ትኬት ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት፣ የደጋፊ ማሊያም ሳይለብሱ ገለልተኛ ቦታ መቀመጥ ይመረጣል። ርችት ማቀጣጠል የተከለከለ ነው፤ አጠገባችሁ ከተቀጣጠለ ልጆቹን ይዛችሁ ቶሎ ቦታ ቀይሩ፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

ለአዲስ አበባ እግር ኳስ ታሪክ ሰው ይህ ዓይነቱ ሊግ እንግዳ አይሆንበትም። በ1944 በአዲስ አበባ ለሻምፒዮንነት የተወዳደሩት 5 ቡድኖች የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ፤ ዋንጫውን የወሰደው የመጨረሻው ነው። በየማኅበረሰቡ ቡድን መሥርቶ ቅዳሜና እሑድ መፋለም የሜልቦርን ፈጠራ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚያ አሁንም መቀጠሉ ነው።

ልጅ ለማስመዝገብ

ሦስቱም ክለቦች የታዳጊ ቡድኖች አሏቸው፤ የወላጅ ቅሬታ የሚበዛውም እዚህ ነው። የኤንፒኤል ታዳጊ ቡድን ክፍያ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የአሰልጣኝ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መቀጠር አለባቸው፣ ሜዳና መብራት ይከራያል፣ ዳኛ ይከፈላል፤ የዋናው ቡድን ወጪም ከፊሉ በዚህ ይሸፈናል የሚለው ሐሜት በየክለቡ አለ። ልጁ ገና ኳስ የሚለማመድ ከሆነ የሰፈር አማተር ክለብ በግማሹም ባነሰ ይበቃዋል፤ እዚያ ጎበዝ ሆኖ ከታየ ፈላጊ ራሱ ይመጣል።

የመምረጫ ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ልጁን በሚጫወትበት ቦታ ብቻ አታስመዝግቡት፤ አጥቂ ነኝ የሚል 40 ልጅ ባለበት የግራ መስመር ተከላካይ መሆን የሚችል ልጅ በአንድ ቀን ይታያል። የእግር መከላከያና የሣር ታኬታ ይያዝ፤ ሰው ሠራሽ ሣር ሊሆን ስለሚችል ግን ረጅም ብረት ጥርስ ያለው ጫማ አይሁን። ምዝገባው የሚጠናቀቀው ፕሌይ ፉትቦል በሚባለው የአገሪቱ ድረ ገጽ ነው። የጤና ኬር ካርድ ወይም የጡረታ ቅናሽ ካርድ ያለው ቤተሰብ የቪክቶሪያ መንግሥት የሚሰጠውን የጌት አክቲቭ ኪድስ ቫውቸር ይጠይቅ፤ እስከ 200 ዶላር ይሸፍናል፣ ግን በዙር ስለሚከፈት ክለቡ ክፍያ ከጠየቀ በኋላ መፈለግ ይዘገያል።

ከመክፈላችሁ በፊት አራት ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ክፍያው ማሊያና ትራክሱት ይጨምራል ወይ፣ በሳምንት ስንት ልምምድ አለ፣ በቡድኑ ስንት ልጅ ይመዘገባል፣ ልጁ በውድድሩ መሀል ቢጎዳ ወይም ቢለቅ ስንት ይመለሳል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። 11 ለ 11 በሚጫወት ቡድን 16 ልጅ ሲሆን ሁሉም ይጫወታል፤ 20 ከሆነ ሁልጊዜ የማይነሡ አራት ልጆች ይኖራሉ፣ እነሱም የከፈሉት ያንኑ ነው።